ኑሩ ሄልሜት የገዛ ዓመት

የሄልሜት ውስጥ ስፖንጅ ሽታ፣ የብዙ ሰው ላብና የራስ ቅቤ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ማለቴ ነው፣ አፍንጫዬን ሲነካው ዛሬም ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። ድሮም አርፌ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ እማዬ «የዚች ልጅ እግር እሳት ረግጧል» ትል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኑሩ ሞተር ከገዛ ወዲህ ግን ጭራሽ ባሰብኝ።

የገዛው በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰው ለማመላለስ አስቦ ያለ የሌለውን ሞተሩ ላይ አፍስሶት ስለነበር፣ ለልብሱና ለሄልሜቱ የተረፈው አንድ ሙክት ብቻ ነበር። ሙክቱን በገበያ ቀን ሸጠን አባባ፣ ኑሩና እኔ ሱቅ ገባን። ጀማሪ አይደል፣ የኑሩ ዓይን ያረፈው ባለ ቀይ መስመሩና መስታወቱ የሚያብረቀርቀው ላይ ነበር፤ ርካሽ ስለሆነ ሁለት ይገዛልን ነበር፣ አንድ ለነጂ፣ አንድ ለተሳፋሪ። አባባ ግን እንስራ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን አስጠግተው በጣታቸው አንኳኩና «ይሄ ቅል ነው» ብለው መለሱት። ከባዱን ጥቁሩን፣ አንዱን ብቻ ገዛን። ጃኬቱን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ፈልቅቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሴት ቢሆንም ወፍራም ነበር። ለጓንት ስላልተረፈን እማዬ የምንለብሰውን ያረጀ የሱፍ ባና ቀድዳ ጓንት ሰፋችለት፣ የጉልበት መከላከያውን ደግሞ ጫማ ሰፊው ከጎማ ቆርጦ ሠራለት። እንዲያ ለብሶ ሲወጣ ሰፈሩ ሳቀ፣ እኔ ግን ኮራሁ።

ኩራቴ አንድ ቀን አልቆየም። «የተሳፈረ እንግዳ ነው» አሉ አባባ፣ «እንግዳ ባዶ ራሱን አይሄድም።» ኑሩም ሄልሜቱን ለተሳፋሪ እያጠለቀ፣ እሱ ራሱን በሻርፕ ጠምጥሞ ይነዳ ጀመር። በጋውን ሙሉ እህል ውሃ አልወረደልኝም፤ ቁርዓን እየቀራሁ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር፣ የሞተሩ ድምፅ ከዘገየ ሰበብ ፈጥሬ እወጣ ነበር። ሚያዝያ ላይ አንድ ሞተረኛ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሞተ ሲባል ሰማሁ። «ለምን አንተ አታደርገውም?» ብዬ ኑሩን ስነዘንዘው «አብሽሪ፣ እኔን አላህ ይጠብቀኛል» አለኝ። እሷን መልስ አልወደድኳትም።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ አንድ መላ መጣልኝ። ኑሩ ቀጭን ስለነበር የሄልሜቱን ማሰሪያ በእሱ አገጭ ልክ አሳጠርኩና እንዳይላላ በጆንያ ክር ደጋግሜ ሰፋሁት። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብልሃት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች፣ ወግዲ ያለችው ልጃቸው ምጥ ላይ ናት ተብለው እየተጣደፉ መጡ። ኑሩ እንደ ልማዱ ሄልሜቱን አጠለቀላቸው፣ ማሰሪያው ግን አልደርስ አለ። ቢጎትተው ቢጎትተው እምቢ አለው። «ተወው ልጄ፣ አንተ አድርገው። ልጄ እየጮኸችብኝ ነው» አሉት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ መቀስ አምጥቼ ክሩን መቁረጥ እችል ነበር። አላመጣሁም። ኑሩ ሄልሜቱን አድርጎ ሲሄድ ሳይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይርቁ ጭቃው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ኑሩ ሄልሜቱ ከመጫሩ በቀር ደህና ሆኖ ተነሳ። እትዬ ተዋበች በግራ ጆሮ ግንዳቸው ድንጋይ ላይ አርፈው ነበርና አልተነሱም። በሰው ሸክም ሐኪም ቤት ደረሱ፣ ከዚያም ደሴ ተላኩ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ የልጅ ልጃቸውን ለቅሶ የሰሙት ግን በአንድ ጆሮ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፣ ያውም የጣልኩት የሰው ነው።

ኑሩ ስፌቱን አየው። ክሩን በምላጭ እየቆረጠ ቀና ሳይል «የእማዬን አሰፋፍ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ፣ ቀጥሎም «ለማንም እንዳትናገሪ።» አልተናገርኩም። ሰዉ «እንግዳውን ባዶ ራስ ጭኖ ለራሱ ደፋ» እያለ ሲያማው ቀና ብሎ መሄድ አቃተው። በመስከረም አባባ ሽማግሌ ይዘው እትዬ ተዋበች ደጅ ሲሄዱ፣ ኑሩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተንበረከከ። እትዬ ተዋበች «አውፍ፣ ይቅር ብያለሁ፤ አድርገው ያልኩትም እኔው ነኝ» አሉና ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት። ኑሩ ግን በሳምንቱ ሞተሩን ሸጠ፣ ዳግመኛም አልነዳም።

አሁን መካነ ሰላም ውስጥ ሁለት ሄልሜት የሚይዝ ሞተረኛ ሞልቷል፤ ተሳፋሪው ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል እንጂ። እኔም አድጌያለሁ፣ ወልጃለሁ፣ አርፎ መቀመጥ ግን ዛሬም አልሆነልኝም። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር እትዬ ተዋበች ዘንድ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ በሚሰሙበት በቀኛቸው ተቀምጬ ስለ ልጆቼ አወራቸዋለሁ። አምና ግን በማይሰሙበት በግራቸው ተቀመጥኩና ማሰሪያውን የሰፋሁት እኔ መሆኔን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እሳቸውም ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ።