ጠባቂው የለመደው ክሎሪን

በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ ቫልቭ» ይሏታል። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ቫልቮቹን በእጇ ነካ ነካ ካላደረገች ቀኑ አይመሽላትም።

የወለደች ልጇን ስትንከባከብ ሁለት ሳምንት ከርማ፣ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ተመለሰች። ከናሙና ቧንቧው አንድ ብርጭቆ ስትቀዳ ክሎሪኑ ሰነፈጣት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

የፈረቃ ጓደኛዋ ስክሪኑን ገልመጥ አደረገ። «ምንም የለም። አረንጓዴ ነው።»

አረንጓዴ ማለት፣ ጣቢያውን ከኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች እንዲጠብቅ ዘንድሮ የተገጠመው ሰው ሠራሽ አስተውሎት «ሰላም ነው» አለ ማለት ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ በእጅ መለካት ቀርቷል። ቁጥሩንም የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ቀለሙን ነው።

የጣቢያው አለቃ ጋ ደወለች። «ጌታዬ፣ ውሃው ደህና አይደለም።»

«ጠባቂው ምን ይላል?»

«ሰላም ነው ይላል።»

«ታዲያ አንቺ ከእሱ ልትበልጪ ነው? እንዳትነኪው!»

 ውሃውን ብትዘጋው ከተማው ውሃ ያጣል፣ እንጀራዋም ያከትማል። ባትዘጋውስ? ይህ ሰዓት ልጇ ሕፃኑን የምታጥብበት ነው። ሮጣ ወደ ፓምፕ ክፍል ገባች፤ የዋናውን መውጫ መዘውር ጨበጠች። አልንቀሳቀስ አለ።

«እትዬ፣ ጉድ ልታፈዪብን ነው!» አለ ጓደኛዋ። ፊቷን ሲያይ ግን እሱም መዘውሩን ይዞ አብሯት አዞረው።

ልጇ ጋ ደወለች። አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። በሦስተኛው ተነሳ።

«እማዬ፣ ላጥበው ስል ውሃው ጠፋብኝ እኮ!»

እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

ባለሙያዎች መጥተው መረመሩ። ለካስ አንድ ሰው ከውጭ ሰርጎ ገብቶ፣ የክሎሪኑን መጠን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጨምር ከርሟል። ጠባቂውም የትናንቱን እያየ የዛሬውን እንደ ልማድ ተቀበለው።

«እኛም እንደ እሱ ለምደነው ነበር» አለ ጓደኛዋ አንገቱን ደፍቶ። «እዚህ ብትከርሚ አንቺም ትለምጂው ነበር።»

አለቃው ይቅርታ ጠየቃት። ጠባቂው ከቦታው አልተነሳም፤ በየሰዓቱ በእጅ እንዲለካ ግን ታዘዘ። ያም ሆኖ «አንቺም ትለምጂው ነበር» ያላት የጓደኛዋ ቃል ከውስጧ አልወጣም።

ጎረቤቶቿ መንገድ ላይ ያስቆሟታል። «እትዬ፣ ውሃው ይጠጣል?»

«ዛሬ ለክቼዋለሁ፣ ጠጡ» ትላለች። ስለ ነገ ሲጠይቋት ግን እርምጃዋን ታፈጥናለች።