ያልቀዘቀዘው መለዋወጫ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በዚያ ቀን አራት ነበርን፤ ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ሰዓቱን ይዞ ከመስኮቱ ሥር፣ ኃላፊያችን ከጎኑ፣ ቴክኒሻኑ ይበልጣል ከራዳሩ ፊት፣ እኔ ዕቃ ጠባቂዋ ከመጋዘኔ በር ላይ።

ራዳራችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ ዝናብና በረዶ የሚጠቁም ነው። መሐንዲሱ የመጣው መሥራቱን ሊያይ አልነበረም፤ ሲበላሽ እዚሁ መጠገን መቻሉን ሊመዝን ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ይበልጣል ለራዳሩ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ደህናውን ፓወር ሰፕላይ እንደ ተቃጠለ ቆጥሮ ይፈታል፣ ምትኩን ከእኔ ይወስዳል፣ ይገጥማል።

ሳጥኑን ብከፍት ውስጡ ሌላ ዕቃ ነው። ስረከበው ሳልከፍት ፈርሜያለሁ። ማን አስቸኮለኝ? ማንም! ይበልጣል የፈታውን ይዞ ሲመጣ ተቀበልኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ያንኑ መልሼ ሰጠሁት።

«እትዬ የሺ፣ ይሄማ ገና ትኩስ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«አሁን ከምድጃ አወጣሁት። ሂድ ወዲያ፣ ሰውየው ሰዓት ይዟል።»

ሳቁን ውጦ ሄደ። ራዳሩ ተነሳ፤ መሐንዲሱ ረካ። ሰዓቱ ላይ ያን ያህል ያፈጠጠ ሰው አንድ ጊዜ ወደ መጋዘኔ ዞር ቢል ምን ነበረበት? ደግሞ እሱን እላለሁ! ያታለልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱስ «ትክክለኛው ይላክልን» ማለት አቅቶኝ ነው? ያን ማለት ሳላይ መፈረሜን ማመን ነበር።

ክረምት ሲገባ ፓወር ሰፕላዩ የእውነት ተቃጠለ። ራዳሩ ቆመ፤ በሮብ ገበያ መንደር ያለውን ገብስ በረዶ ድንገት መታው። ይበልጣል ከሥራ የተባረረው ከዚያ በኋላ ኃላፊው በጠራው ስብሰባ ነው።

«በፈተናው ቀን ምትኩ ሲገጠም የተፈታው ደህናው ሊተርፍ ይገባ ነበር። የት ገባ?» አለ ኃላፊው።

«ለይበልጣል በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። «ከዚያ ወዲህ ወደ መጋዘን አልተመለሰም።»

ቃሌ ሁሉ እውነት ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እውነት እየተናገርኩ ሰውየውን ሌባ አደረግኩት። ጡረታዬ ደርሶ ነበር ብዬ አላመካኝም፤ እሱም ልጆች ነበሩት።

«ሸጥከው?» አለው ኃላፊው።

ይበልጣል አየኝ።

«እትዬ ሰጥተውኛል» አለ። ትኩስ እንደነበረ ግን አላነሳም።

«እርስዎ መሄድ ይችላሉ» አለኝ ኃላፊው።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።