በቅሎ ያልረገጠችው እግር

የማንንም ስም አልጠራም። ያጠፉትን ሰዎች የሚያውቅ ካነበበው ይለያቸዋል። የራሴንም ጥፋት እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የነሱን።

እናቴ ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ኖራ ሞተች። ዝሆኔ ነበረባት። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች አብጦ፣ የጣቶቿ ቆዳ እንደ ድንጋይ ሻክሮ ነበር። ቀሚሷን መሬት እስኪነካ ታስረዝማለች። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ሁሉ ኋላ ትቆማለች፤ ሂጂ ያላት የለም፣ ቦታ የለቀቀላትም የለም።

የቡሬ ሰዎች እኔን ለልጃቸው ሲጠይቁ ዘር የቆጠሩት የእናቴ ወንድም ናቸው። ድጓ ያስተማሩ፣ በአገሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያዳምጡት ግን ዝምድናውን ብቻ አይደለም። አጎቴ ከእናቴ ስም ሲደርሱ አንዱ ሽማግሌ፣ «እግራቸውን ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በቅሎ ረግጣት ነው» አሉ አጎቴ ሳል እንኳ ሳይዛቸው። «ወጌሻው በደንብ ሳይጠግነው ቀርቶ።»

የገዛ እናታቸው፣ የኔ አያት፣ እግርም እንደዚያው ነበር። ስሟን ጠርተው አለፉ። እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እኛ ቤት በቅሎ ኖሮ አያውቅም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንዲት በቅሎ ነበረችን። ቀለሟን ሳይቀር ለሰው እናወራ ነበር።

የባሌ ታላቅ እህት በበቅሎዋ አላመነችም። ቡሬ በገባሁ በወሩ፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ «ይች ምራታችን እግሯን ስትታጠብ በር ትዘጋለች። ጣቶቿን እየቆጠረች ይሆን?» ብላ አሳቀችብኝ። ልጄን ስወልድ ደግሞ፣ ማርያም ማረችሽ ከማለቷ በፊት መጠቅለያውን ገልጣ የሕፃኗን እግር አየች። ያንን አልረሳሁትም። እሷም እንዳልረሳሁት ታውቅ ነበር። ስለ ባሌ አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው።

ተመራማሪዎቹ የመጡት ልጄ ለጋብቻ በተጠየቀችበት ዓመት ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ የሚያርስ፣ ደህና ቤተሰብ ያለው ልጅ ነበር የጠየቃት፤ ዘር ገና አልተቆጠረም። አንድ ወጣትና አንዲት ነርስ በቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየተመሩ ገቡ። የባሌ እህት መደቡ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«እማማ» አለ ወጣቱ፣ «ስለ እግር እብጠት ነው የምናጠናው። ርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከቀዩ አፈር ነው የሚመጣው። ግን አንድ ማሳ ላይ አብረው ከሚሠሩ ሰዎች አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። ይህን የሚለየው በቤተሰብ የሚወረስ ነገር ይመስለናል። እሱን ካወቅን ማንን ቀድመን መጠበቅ እንዳለብን እናውቃለን፤ ወደፊት ለመድኃኒትም ይረዳል።»

«ዘር ነው እያልኸኝ ነው?»

«በሽታው አይወረስም እማማ። የሚወረሰው ለበሽታው መጋለጡ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ላይታመም ይችላል።»

አሁን ሳስበው ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ያኔ የሰማሁት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ይወረሳል።

ወረቀት ዘርግቶ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን እየሣለ ቤተሰቤን ይጠይቀኝ ጀመር። የታመመ ካለ ክቡን በጥቁር ይቀባዋል። ገረመኝ፤ የአጎቴ ቆጠራ ነው፣ በወረቀት ላይ። ከእናቴ ክብ ላይ ሲደርስ መደቡ ላይ የሚሾረው እንዝርት ቆመ።

«ተናገሪ እንጂ» አለች የባሌ እህት። «ልጁ እኮ ብዕሩን አንሥቶ ቀረ።»

«በቅሎ ረግጣት ነው» አልሁ። እኔም ሳል አልያዘኝም።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እናቴን ከኔ በላይ ታውቃታለህ?»

ይቅርታ ጠየቀኝ። ክቡ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱን እያጠፈ፣ የታመመ ዘመድ ያለባቸውን ቤቶች ልጆች መዝግበው ስለ ጫማና ስለ እግር አጠባበቅ እያስተማሩ እንደሚከታተሉ ነገረኝ። «እናንተን ግን አይመለከትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

«አሜን» አለች የባሌ እህት፣ እንዝርቷን መልሳ እያሾረች።

ልጄ ተዳረች። እኔም ባሌ ሲሞት ፍኖተ ሰላም መጥቼ መኖር ጀመርሁ። ልጄ የገበያ ቀን ጎራ ትላለች። ጫማ ለከተማ ነው የምታደርገው፤ በርበሬ ስታርም በባዶ እግሯ እንደሆነች አውቃለሁ። አንድ ሁለቴ ልነግራት አስቤ፣ ባሏ ቢሰማ፣ አማቷ ብትሰማ እያልሁ ተውሁት። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን መጥታ ካልሲዋን አላወልቅም አለች። ከዚያም እግሯን ልትታጠብ ገብታ በሩን ዘጋች።

በር ዘግቶ መታጠብ ምን እንደሆነ ለኔ ማንም አይነግረኝም። ገፍቼ ገባሁ። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች አብጦ፣ በጣቶቿ መካከል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ነበር። «ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴም ብሽሽቴ ያብጣል» አለች። ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። መደበቁን ከማን ተማረችው እንዳልል አውቀዋለሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጠና ያለች ነርስ በሳፋ ውኃ አቅርባ፣ በሳሙና እንዴት እንደሚታጠብ አሳይታ፣ በጣቶቹ መካከል እንዴት እንደሚደርቅ፣ ቫዝሊኑ እንዴት እንደሚቀባ አስረዳቻት። ገና በጊዜ ስለሆነ ልጄ ሳታቋርጥ ከታጠበችና ጫማ ካላወለቀች እብጠቱ እንደሚቀንስ ነገረችን። የሚያድን ክኒን ግን ገና የለም፤ እየተፈለገ ነው። ከዚያ ወረቀቷን አነሣች።

«ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?»

«የለም» አለች ልጄ፣ ፈጥና። «አያቴን በቅሎ ረግጣት ነው እንጂ።»

ልቆጣቸው የምፈልጋቸው ሰዎች አንዳቸውም እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። አጎቴ ሞተዋል። የባሌ እህትም ተቀብራለች፤ ቀብሯ ላይ አላለቀስሁም፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ያን ዕለት በወጣቱ ፊት አፌን ይዞ ያናገረኝ የለም። ፈርቼው የነበረውም የባሌን እህት ሳቅ ነው። ለአንድ ሳቅ ብዬ ነው ልጄን ከዚያ ወረቀት ላይ ያስቀረኋት።

«በቅሎ አልነበረችም» አልሁ። «እናቴም፣ አያቴም ዝሆኔ ነበረባቸው።»

ነርሷ ሳትገረም ጻፈች። ልጄ እግሯን ከውኃው አላወጣችም።

«እኔ እኮ» አለች፣ «በቅሎ ባየሁ ቁጥር መንገድ እለቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። እንዳትረግጠኝ ብዬ ወደ ማሳው እገባለሁ። በባዶ እግሬ።»

ፎጣውን አንሥቼ ላደርቅላት ተንበረከክሁ። ከእጄ ወሰደችው።

«ተዪው እማዬ» አለች፤ «ራሴ አደርቀዋለሁ።»