ከሸቤ በኩል የመጣው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከሚኒባስ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈ። ሚኒባሱ ከፊት ለፊት መጥቶ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ፣ የኛ የባጃጅ ልጅ እለፍ የተባለ መስሎት ነዳ። ሹፌሮቹ ወርደው መጨቃጨቅ ጀመሩ። የሚኒባሱ ሹፌር፣ "አየሁህ ነው ያልኩት አቦ፣ መቼ እለፍ አልኩህ?" አለ። ይህን ክርክር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

በደርግ ዘመን፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ሥራ እለማመድ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ከወሬ ይልቅ ቆሎ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አፋቸው ሥራ ላይ ስለሚውል መሰለኝ፣ ከአብራሪዎቹ ጋር አንድ ልማድ አውጥተዋል። አብራሪው እዚህ ደረስኩ ሲል የማይክሮፎኑን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ሰማሁ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ውረድ የሚለውን በቃል መናገር ነበረባቸው። ነገር ግን ማኮብኮቢያው ሁልጊዜ ባዶ ስለሆነ ቃሉ እየቀረ እየቀረ ሄዶ ጠቅታው ብቻ ቀረ። እኔም እንደ ትልቅ ሙያ ተምሬው እኮራበት ነበር።

ቡናው መቅላት የጀመረበት ወቅት ነው። ክረምቱ ያበቀለው ሣር ማኮብኮቢያውን ከዳርና ዳር አፍኖት ስለነበር ቀበሌው ሰዉን ለዘመቻ አወጣው። ከሄርማታ ሰፈር ከመጡት መካከል ልብስ ሰፊው አባቴ ነበሩ። ማጭዱን እንደ መቀስ ሲይዙት ከመቆጣጠሪያው ማማ መስኮት አይቼ ስቄባቸዋለሁ። ሰዉ ያጨደውን ተሸክሞ ማኮብኮቢያውን እያቋረጠ ወደ ማዶ ይወስዳል። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ አውሮፕላን ይጠበቃልና እኔም አላስችል ብሎኝ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

አብራሪው የሸቤን ከተማ ማለፉንና ሊወርድ መሆኑን በሬዲዮ ተናገረ። ጋሽ ታደሰ ጠቅ ጠቅ አደረጉና፣ ቃሌን ሳይሰማ አይወርድም ብለው ሰዎቹን ሊያስነሱ ደረጃውን ወረዱ። አብራሪው ግን እንደ ወትሮው ውረድ የተባለ መስሎታል። ጋሽ ታደሰ መንገዱን ሳያጋምሱ የሞተሩ ድምፅ ከላያችን መጣ። ከጉሙ ሲወጣ ጎማው ተዘርግቷል። አባቴ ሣር ተሸክመው መሃል ማኮብኮቢያው ላይ ነበሩ።

ለተለማማጅ ማይክሮፎን መንካት ክልክል ነበር። አነሳሁት። የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ከራሴ ጠፍቶ በአማርኛ፣ "አይውረዱ፣ ሰው አለ፣ አባቴ አሉ" አልኩ።

አውሮፕላኑ እያጓራ ቀና አለና በሰዎቹ አናት ላይ አለፈ። አባቴ በሆዳቸው ተኝተዋል። እስኪነሱ ድረስ የመስኮቱን ደፍ ጨብጬ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ሜዳው ከሰው ሲጸዳ ዞሮ አረፈ። አብራሪው ወርዶ በቀጥታ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄደ። እሱ መልሰውልኛል ይላል፣ እሳቸው ሰማሁ አልኩ እንጂ መቼ ውረድ አልኩ ይላሉ። ሊተናነቁ ምንም ሳይቀራቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰ። በዚያ ዘመን ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አሻጥር ነው። ከነገሩ ጀርባ ማን እንዳለ ጠየቀ። ጋሽ ታደሰ ታስረው ሲወሰዱ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ።

ሁለቱ ተያዩ።

"ጉሙ ነው" አለ አብራሪው።

"ጉሙ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰም።

ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከጢማቸው ላይ ሣር እያራገፉ፣ "ጉም ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን" አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። በሬዲዮ ያልተግባቡ ሰዎች በዓይን መግባባታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አባቴ ስለዚያ ቀን ቤት ውስጥ አንስተው አያውቁም። ግን እንደ ልማዴ "እህ" ብዬ ስመልስላቸው፣ መርፌያቸውን አቁመው "አፍ አውጥተሽ ንገሪኝ" ይሉኝ ጀመር። በሰላም አርጅተው ከሞቱ ስንት ዘመን ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም ልጆቼ በስልክ "እህ" ሲሉኝ እረፍት አጣለሁ።

ጭቅጭቁ በርዶ ሹፌሮቹ ወደየመሪያቸው ተመለሱ። ሚኒባሱ እንደገና መብራቱን ብልጭ አደረገ። የባጃጁ ልጅ ሊነዳ ሲል ትከሻውን ያዝኩትና አንገቴን ወደ ውጭ አወጣሁ።

"ልጄ፣ እንለፍ ወይስ እንቁም? በአፍህ ንገረኝ።"

የሚኒባሱ ሹፌር ሳቀ። "እለፉ፣ እማማ" አለኝ።

የልጁን ትከሻ የለቀቅኩት ያኔ ነው።