ባኞ ለሀብትነሽ ጉልበት

የቢቸናው ግንበኛ በላቸው የሰው ቤት ሲሠራ የራሱን ለማደስ ጊዜ የማያገኝ ሰው ነበር። ሚስቱ ሀብትነሽ በዚህ ስትቀልድበት ኖራ፣ በደርግ ዘመን አጋማሽ ላይ ቁርጥማት ጉልበቷን ያዘውና ቀልዷ ቀነሰ። የሚያሽላት ከገደሉ ሥር ያለው ጠበል ነበር፤ ውኃው ከላይ እየተወረወረ ጉልበቷን ሲመታው ቀለል ይላታል። ኋላ ግን ቁልቁለቱ አቃታት። ጎረቤቶች በቃሬዛ እንውሰድሽ ቢሏት፣ "በቁሜ?" ብላ አሻፈረኝ አለች።

በዚያው ሰሞን በላቸው ሞጣ አሮጌ ቤት ሊያፈርስ ሄደ። ከጓሮው የብረት ባኞ ተጥሎ፣ ዝናብ ሞልቶት ከብት ይጠጣበታል። እንዲሰጡት ሲለምን የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣

"ለከብትህ ነው?" አሉት።

"የለም እመቤቴ፣ ለባለቤቴ ነው።"

ወይዘሮዋ ከት ብለው ሥቀው ሰጡት። በላቸውም ባኞውን እህል ጫኝ መኪና ላይ ከጆንያ መሐል ሸጉጦ፣ የጉንደ ወይንን መንገድ አቧራ ለብሶ ቢቸና ገባ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሬሳ ሣጥን ልታለማምደኝ ነው?" አለች ሀብትነሽ።

"የጠበሉን በረከት ማምጣት አልችልም። ጉልበት ግን አመጣልሻለሁ።"

"የማንን ጉልበት? የውኃውን ነው የኔን?"

"ሁለቱንም!"

ከጓዳው ጎን ጠባብ ክፍል ሠራ። በርሜል ከድንጋይ ካብ ላይ አወጣና ቱቦ አወረደለት፤ ውኃው በኃይል ወርዶ እንዲሽከረከር የቱቦውን አፍ ወደ ባኞው ጎን አጋደመው። በጎላ ድስት ያሞቀውን ውኃ ሲለቅበት ግን ባኞው ሳይሞላ ወለሉ ሰመጠ። ባኞው እንደ ሰካራም ተንጋደደ፤ ውኃው ጓዳ ገብቶ ጤፉን አራሰው። በላቸው የሠራው ግድግዳ ተሰንጥቆ እንኳ አያውቅም ነበርና መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሀብትነሽ ከመደቡ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትሥቃለች። እንዲያ ስትሥቅ ካያት ስለከረመ፣ ጤፉን ረስቶ እሱም ሣቀ።

ወለሉን ቆፍሮ በድንጋይ ደለደለና እንደገና ሞላው። "አልገባም" አለችው። እሱ ከነሱሪው ዘው አለበት፤ "እይ፣ አልሞትኩም!" በመጨረሻ እጁን ይዛ ገባች። ውኃው እየዞረ ጉልበቷን ሲመታው ዓይኗን ጨፈነች።

"በላቸው።"

"አቤት።"

"ውጣና በሩን ዝጋው። እኔ ዛሬ እቆያለሁ።"

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ሙሉአለም መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"ጋሽ በላቸው፣ 'ባኞ የመሳፍንት ነገር ነው፤ በላቸው አድኃሪ ሆነ' እየተባለ ነው።"

ሀብትነሽ ከውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሙሉአለም፣ የእናትህ የእማማ ወለተ ሐና ወገብ እንዴት ሆነ?" አለችው።

ሊቀመንበሩ አንገቱን አከከ። ቅዳሜ እናቱን በበቅሎ ይዞ መጣ።

ቁርጥማቱ ጨርሶ አልለቀቃትም። ግን ሀብትነሽ በትር ተደግፋ ገበያ መውጣት፣ በርበሬ መርጣ መከራከር ጀመረች። በላቸውም ከሩቅ አገር ለሥራ ሲጠሩት፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ አሞቃለሁ፤ አይመቸኝም" እያለ ይመልሳቸው ነበር።