የታሺ ሻይ

ከድሬዳዋ ስነሳ ፋብሪካው የላከኝ ቻይና ለስልጠና ነበር፤ እኔ ግን ሌላ አደራም ይዣለሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ አብሮኝ የሚሠራው ቲቤታዊው ታሺ አገሩን ካየ ዓመታት አልፈዋል።

«ወሪያ፣ እናቴን ሳታይ እንዳትመለስ» ብሎ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛውን ፔርሙስ አስያዘኝ። ግርጌው ላይ የቻይና ሥሪት ይላል። ዕቃው አገሩ ሊገባ ነው ብዬ ሳቅሁ።

«መቼ ይመለሳል ብትለኝስ?» አልኩት።

ታሺ የሥራ ውሉን ሊያራዝም እያሰበ ነበር።

ሽቅብ

ስልጠናው እንዳለቀ እስከ ሺኒንግ ከተማ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱ ሽቅብ ብቻ ነው። ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ የቀረው ሣርና በሐምሌም በረዶ ያልለቀቀው ተራራ ነው። የድሬ ሙቀት ያሳደገው ደረቴ አየር አጠረው።

የታሺ እህት፣ አስተማሪዋ ዶልማ፣ በሞተር ሳይክል ተቀበለችኝ፤ የምንግባባው ፋብሪካው ውስጥ በለመድኩት ቻይንኛ ነው። ሜዳው ላይ ያክ የሚሉት ጠጉራም ከብት ተበትኗል። ድንኳኑ ከጠጉሩ፣ ቅቤው ከወተቱ ነው፤ የሚነደውም ኩበቱ ነው፣ እንጨት ከየት ይመጣል?

ድንኳኑ ውስጥ

እናትየው በሶ በቅቤ አቀረቡልኝ። እነሱ ሌላ ስም ቢሰጡትም በሶ በሶ ነው። ሻያቸው ቅቤና ጨው አለው፤ ከቡና ገለፈት የሚፈላውን ሆጃ በጨው ጠጥቶ ላደገ የድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። የኔን ጨርሼ፣ አጠገቤ ሞልቶ የተቀመጠውን የእንጨት ዋንጫም ለኔ መስሎኝ ጨለጥኩት። 

«የታሺ ነው» አለች ዶልማ። «ከሄደ ጀምሮ እማ በየጠዋቱ ትቀዳለታለች። እስኪመለስ ማንም አይነካውም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጅቡቲ ሲሄድ እናቴ ድርሻውን በሳህን ከድና ታስቀምጥ ነበር። ባቡሩ ሳይጮህ ክዳኑን የነካ ወዮለት። ዛሬ ያ ባቡርም ወላጆቼም የሉም፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ክፉኛ ናፈቁኝ።

እናትየው አንድ ነገር አሉ።

«ጣፈጠው ወይ ትላለች» አለች ዶልማ።

«በጣም፣ እማማ።»

ሳቁ። ቀጥለው የፈራሁትን ጠየቁ፤ «ይመለሳል?»

«አላውቅም» አልኩ። መዋሸት አልሆነልኝም።

አዲስ ሻይ አፈሉ፤ ግን ዋንጫው ውስጥ አልቀዱትም። ታሺ የላከላቸው ፔርሙስ ውስጥ ገልብጠው ክዳኑን አጠበቁና በዋንጫው ቦታ አኖሩት።

«እንዳይቀዘቅዝበት» አሉ።

ድሬ

ሙቀቱ ገና ከአውሮፕላኑ ሳልወርድ ተቀበለኝ። ታሺን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር አገኘሁት። ቆላም ሆነ ደጋ፣ የሄደ ሰው የሚጠበቀው ድርሻው ተቀምጦለት መሆኑን የተማርኩበትን ጉዞ ተረኩለት። ሻዩን እንደጠጣሁበት ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ፔርሙሱ ላይ ስደርስ ሳቁን አቆመ።

«አሁንም ትኩስ ይሆን?» አለኝ።

«ሄደህ ቅመሰዋ» አልኩት።

በማግስቱ ቢሮ ገብቶ አገሩ መሄጃ ፈቃድ ጠየቀ።