የመስኡዳ መውረጃ ሁለተኛ ምስክር

ሐሙስ፣ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.። በሀሚዱ ሰማያዊ የቦታ ስሞች ደብተር ቁጥር 44 ላይ «ከአርዲቦ የሚመጣው» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈዋል። ሦስተኛውን ሳይጨምር፣ በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ልቡ ቆሞ አረፈ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ሐሙስን ግን ሙሉዋን ኖሯታል።

ሀሚዱ ጅዳ ሰባት ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ የትውልድ ቀዬውን ሐይቅ ዳርቻ በሐሳቡ ይዞር ነበር። ሲመለስ ግማሹን የቦታ ስም ልጆች እንደማያውቁት አየና ባጃጅና ደብተር ገዛ። የደብተሩ ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፤ አንድ ስም ከአንድ ሙስሊምና ከአንድ ክርስቲያን አዛውንት አፍ ካልወጣ አይጻፍም። ጠያቂውም ስሙን ቀድሞ መጥራት አይችልም።

ያን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሐይቁ ዙሪያ ለሚተከሉት ሰሌዳዎች የስም ዝርዝር ይዘጋል። ከሀሚዱ ደብተር አርባ ሁለቱ ገብተዋል። የቀረው፣ መስኡዳ የምትባል ሴት ሰርገኛውንም ለንግሥ የሚሄደውንም በታንኳ ታሻግርበት የነበረው መውረጃ ነው። እማማ ዋሲላ መስክረዋል፤ ክርስቲያን ምስክር ግን ጠፋ። ካልተገኘ «መውረጃ 3» ተብሎ ሊቀር ነው።

ሰባት ተኩል ላይ አንድ ተሳፋሪ፣ ጋሼ ሽታው በወጣትነታቸው እዚያ ይመላለሱ እንደነበር ነገረው። ሀሚዱ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ በአምባሰል እያንጎራጎረ ሽታው ወደሚኖሩበት ወደ አርዲቦ መንገድ ከነፈ።

ሽታው ደጃፋቸው ላይ የአጥር እንጨት ይጠርባሉ።

«ጋሼ፣ ከትልቁ ዋርካ በታች ያለው የታንኳ መውረጃ ማን ይባላል?»

«ምነው፣ ልትገዛው ነው? የጅዳው ብር አላለቀም?»

«አልቋል። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«የዚያ ሰፈር ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ከጠራሁት አይቆጠርም።»

«ጉድ ነው! እዚያ ጋ አንዴ ታንኳ ተገልብጦብኝ ሱሪዬን ሐይቁ በላው።»

ሀሚዱ ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ከሃያ። ስሙ ከአፉ እንዳያመልጥ ከንፈሩን ነከሰ።

«በነጠላዋ ጠቅልላ ያወጣችኝ እሷ ናት» አሉ ሽታው መጥረቢያቸውን አስቀምጠው። «ለንግሥ የሚሄድ አላስከፍልም ብላ ሳንቲም አልነካችም። ታዲያ ከመስኡዳ መውረጃ ሌላ ምን ሊባል ነው?»

ሀሚዱ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ተነሥ፣ ጎረቤት ልጄን ለትዳር የለመንከኝ ይመስለዋል።»

«እርስዎም ይነሡ፣ መጥተው ይፈርሙልኝ። ወላሂ ጊዜ የለንም።»

ሽታው በባጃጁ ውስጥ አንዴ ራሳቸውን፣ አንዴ ባርኔጣቸውን ሲይዙ ከተማ ገቡ። ዝርዝሩን የምትይዘው ነጅዋ ኮምፒውተሯን ልትዘጋ ስትል ደረሱ። ሽታው ፈረሙ። ነጅዋ «መውረጃ 3» የሚለውን ሰርዛ «የመስኡዳ መውረጃ» ብላ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው። ሀሚዱ ደግማ እንድታነብለት ለመናት፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ።

«አንድ ስም ስንት ጊዜ ይነበባል?» አለችው።

«አርባ ዓመት ዝም የተባለ ስም ነዋ።»

በር ላይ ሽታው እጁን ያዙት። «እኔንስ ማን ሊመልሰኝ ነው?»

«አብሽሩ፣ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው በወፍጮ ቤቱ በኩል ሂድ፤ ጠዋት የሰጠሁት ማሽላ ተፈጭቷል።»

ሀሚዱ ዱቄቱን ተሸክሞ ጫነ። ሽታው ቤት ሲደርሱም ጆንያውን አውርዶ ጓዳ ድረስ አስገባላቸውና ትከሻውን እያራገፈ ወጣ።